ዐጻዌ ኆኅት

በቅሎዪቱ ውኃው ሆዷን ሲነካት ቆመች። ቄሰ ገበዝ ማረው ልጓሟን ሳበ፤ አልተነቃነቀችም። ደግሞ ሳበ። የርብ ወንዝ ከትናንት ወዲያ ዳርቻውን ጥሶ ሜዳውን ሞልቶታል። ነሐሴ ላይ የፎገራ ሜዳ ሜዳ አይደለም፤ የጣና ታናሽ ወንድም ነው። መንገዱ የት እንደሆነ የሚታወቀው ግራና ቀኙ ላይ ጫፋቸው ብቻ በቀረ ቁጥቋጦዎች ነበር።

በበቅሎዪቱ ላይ የተቀመጡት መሪጌታ አዛናው፣ የጨፌ ዑራኤል የድጓ መምህር፣ ፍትሐ ነገሥቱን ከነማኅደሩ በላስቲክ ጠቅልለው በራሳቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ቢወድቁ ዋና አይችሉም። የሚጨነቁት ግን ለመጽሐፉ ነው።

«ምታት እንጂ!» አሉ። «በቅሎም እንደ ካህን ናት፤ ካልገረፏት እውነት አጠገብ አትደርስም።»

ማረው ልጓሙን በእጁ ላይ ጠመጠመ።

ከኋላ የምትመጣው ካሰች ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ትከሻዋን በበቅሎዪቱ ታፋ ላይ አሳረፈች።

«እርስዎ ይሳቡ አባቴ፣ እኔ እገፋለሁ። ጭቃ እንደሁ ያሳደገኝ ነው።»

ካሰች ሸክላ ሠሪ ናት። ገፋች፤ በቅሎዪቱም ተንገዳግዳ ወጣች።

ነገሩ የጀመረው ትናንት ማምሻውን ነው። ሁለት የገበሬ ማኅበር ታጣቂዎች መጥተው የካሰችን ባል አበረን ከጨፌ ዑራኤል በር ላይ ይዘውት ሄዱ። ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዘጠኝ፣ የፍልሰታ ጾም ስምንተኛ ቀን ነበር። ሶማሌ በምሥራቅ ገብቷል፤ ከየገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ሚሊሻ ይምጣ እየተባለ ሰው በቁጥር ይጠየቃል። በአገልግሎት ላይ ያሉ ካህናት ግን አይነኩም የሚል መመሪያ ስለመጣ፣ እያንዳንዱ ደብር ለዘመቻ ዕድሜ የደረሱ ካህናቱን ስም ጽፎ በማኅተሙ አትሞ እንዲልክ ታዟል። የዑራኤልን ዝርዝር የጻፈው ገበዙ ማረው ነው። አሥራ አንድ ስም ጻፈ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን በር የከፈተውንና የዘጋውን አበረን አልጻፈውም።

ለምን ቢባል አበረ ቀጥቃጭ ስለሆነ ነው። አባቱም ማረሻ ሲቀጠቅጥ የኖረ ነው። የአገሩ ሰው በማረሻው ያርሳል፣ ማረሻ ሠሪውን ይሸሻል፤ በካሰች ድስት ወጥ ይሠራል፣ ካሰችን ከማዕዱ ያርቃል። ይህን የሚያህል ግብዝነት በአንድ ሜዳ ላይ እንዴት ሊበቅል እንደቻለ የመረመረ ሊቅ የለም። ሊቁም የሚበላው በዚያው ማረሻ የታረሰ፣ በዚያው ድስት የበሰለ ነበርና መመርመሩ አይበጀውም።

ጠዋት ካሰች የየኔታ አዛናው ጎጆ ደጃፍ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ፣ የኔታ ገበዙን አስጠሩት።

«ዝርዝሩን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ የኔታ።»

«አበረን ምን ብለህ ጻፍከው?»

«አልጻፍኩትም። ዘበኛ ነው ብዬ…»

«ዘበኛ!» የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱት። «ዘበኛ የመጋዘን ነው። ዘበኛ የባንክ ነው። የቤተ ክርስቲያን በር የሚጠብቅ ሰው ስም አለው። ምን ይባላል?»

«ዐጻዌ ኆኅት።»

«ምን ማለት ነው?»

«በር የሚዘጋ፣ ደጅ ጠባቂ።»

«ከጳጳስ ጀምረህ ወደ ታች ብትቆጥር የት ታገኘዋለህ?»

«መጨረሻ ላይ።»

«መጨረሻ ላይ፣ ግን ከውስጥ። ከውጭ አይደለም! ይህን አላስተማርኩህም?»

«አስተምረውኛል።»

«እንግዲያው በቅሎዬን ጫን። ወረታ እንሄዳለን።»

ማረው እምቢ ማለት አልቻለም። የኔታ ለእርሱም ለአባቱም መምህር ነበሩ። የፈራው ግን ጎርፉን አልነበረም፤ ወረታ ላይ የተቀመጠችውን ወረቀት ነው። በእርሷ ላይ ያለውን አሥራ አንደኛውን ስም የኔታ አያውቁም።

አሥራ አንደኛው «ዲያቆን ደረሰ ማረው» ይላል። ልጁ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ጎንደር ድረስ ወስዶት ጳጳስ እጅ ጭነውበታል፤ ዲያቆን ነበር። ከዚያ ከየኔታ ጉባኤ ጠፍቶ ይፋግ ገባ፣ ጨው መቸርቸር ጀመረ፣ ፈትም አገባ። ፈት ያገባ ዲያቆን ዲቁናው እንደሚፈርስ ማረው ያውቃል፤ በሌላ ሰው ልጆች ላይ ስንት ጊዜ የፈረደበት ሕግ ነው። ሆኖም ዝርዝሩን የጻፈ ዕለት ብዕሩ «ዲያቆን ደረሰ» ብሎ ሲጽፍ አልተንቀጠቀጠም። ሐሰቱን አልፎ የሄደው ብዕር አበረ ጋ ሲደርስ ነው የቆመው። ቀጥቃጭን ከካህናት መካከል ብጽፍ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ቆመ።

ወረታ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጾሙ ስለሆነ ሦስቱም እህል አልቀመሱም። የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቀድሞ የአንድ ባለርስት የነበረ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ በደጁ ላይ አንዲት ኤንትሬ የጭነት መኪና ሸራዋን ገልጣ ቆማለች። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ዋርካው ሥር ተኮልኩለው ተቀምጠዋል። አበረ ከእነርሱ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ለብቻው ነበር። ታጣቂዎቹ አልለዩትም። አብረውት ሊሞቱ የሚሄዱት ሰዎች ናቸው ከእርሱ የራቁት።

ካሰች ሮጣ አጠገቡ ተንበረከከች።

«ካሱ» አላት፣ «ዛሬ በሩን ማን ከፈተው?»

«ኧረ በሩ ይቃጠል! አንተን አይደለም ወይ የወሰዱ? በር ትጠይቀኛለህ?»

«አይ፣ ቅዳሴ እንዳይረፍድ ብዬ ነው።»

ማረው ይህን ሰማና ፊቱን ወደ በቅሎዪቱ መለሰ።

ዘማቾቹን የሚመለምለው ካድሬ፣ ጓድ ውባየሁ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ነበር። ዕድሜው ሠላሳ አይሞላም፤ ካኪ ለብሷል። የኔታ በበሩ ሲገቡ ሳያስበው ብድግ አለ፤ ወዲያው ለምን እንደተነሣ የጠፋው ሰው መስሎ ተመልሶ ተቀመጠ። እርሱም አንድ ጊዜ አኩፋዳ ይዞ የለመነ የቆሎ ተማሪ ነበር። ይህን ወረታ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሣበትም።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ። አጭር ይሁንልኝ፤ መኪናው ሰባት ሰዓት ይነሣል።»

«አጭር ነው። ካህናችንን በስሕተት ወስደህብናል፤ መልስልን።»

«የቱን ካህን?»

«አበረን።»

ውባየሁ ሳቀ። «ቀጥቃጩን?» ሳቁን ሳይጨርስ ፊቱ ተለወጠ። «ይቅር ይበሉኝ አባቴ። ይህን ሰው ስንት ዘመን ቡዳ ስትሉት ኖራችሁ! ጠበሉን ለብቻው፣ መቃብሩን ለብቻው። መሬት የሰጠው ማን ነው? አብዮቱ ነው። ሰው ያለው ማን ነው? አብዮቱ ነው። ዛሬ እናት አገር ስትጠራው ካህን ሆነ?»

ካድሬ ብዙ ይዋሻል፤ ይህ ግን ውሸት አልነበረም። እውነት በጠላት አፍ ስትመጣ ደግሞ ከሬት ትመራለች። ማረው የኔታ ይቆጣሉ፣ ይረግማሉ ብሎ ጠበቀ።

«እውነትህን ነው» አሉ የኔታ።

ውባየሁ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ቡዳ ብለነዋል። መጽሐፉ ግን አላለም፤ ያልነው እኛ ነን፤ የምንጠየቅበትም እኛ ነን። አንተ ደግሞ ሰው ነህ ብለህ መሬት ሰጠኸው፣ ሰው ነህ ብለህ ለጥይት ነዳኸው። እኛ ናቅነው፤ አንተ ቆጠርከው። የቱ እንደሚብስ ንገረኝና ልሂድ።»

በሩ ላይ የቆመው ታጣቂ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አባቴ» አለ ውባየሁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ሌላ ሰው ቢናገረው…»

«አውቃለሁ። ወህኒህ እንደሁ ከጎጆዬ ይሞቃል እንጂ አይብስም፤ የእኔ ጣሪያ ያፈሳል።»

የኔታ ላስቲኩን ፈቱ፣ መጽሐፉን ከማኅደሩ አወጡ፣ ገልጠው በጠረጴዛው ላይ አዞሩለት። «አንብበው። ፊደል ቆጥረሃል።»

ውባየሁ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ በዓይኑ ብቻ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያም ድምፁ ወጣ፤ የወጣውም የካድሬ ድምፅ አልነበረም። «ኤጲስ ቆጶስ… ቀሲስ… ዲያቆን… ንፍቅ ዲያቆን… አናጉንስጢስ… መዘምር… ዐጻዌ ኆኅት።» ቀና አለ። «ይህ የግብፆች ይሆናል። እዚህ አገር አናጉንስጢስ ተብሎ የተጠራ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«መጽሐፍ የሚያነብ ሰውስ?»

«እርሱማ ሞልቷል።»

«አናጉንስጢስ ማለት እርሱ ነው። እኛ ሁሉንም በአንድ ቀን ለሕፃን ደርበን እየሰጠን ዲያቆን አልነውና ስሙ ቀረ። ስም ቢጠፋ ሥራ አይጠፋም። በር አለ?»

«አለ።»

«ዲያቆኑ ‘ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን’ ሲል ያልተጠመቀውን አስወጥቶ በር የሚዘጋ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ማዕረጉም አለ። እኛ ዘበኛ ብለን አቃለልነው። ዘበኛ ካልነው በኋላ ድኻውን አስቀመጥንበት። ድኻ ስለተቀመጠበት ማዕረግ መሆኑን ረሳነው። መጽሐፉ ግን አልረሳም።»

ውባየሁ ጣቱን በገጹ ላይ አሳርፎ አሰበ። ሲናገር አነጋገሩ የተማሪ ክርክር ሆኗል። «ይሁን። ሹመት ግን ሿሚ አለው። ማን ሾመው?»

«ገበዙ። ቁልፍ አስረክቦ።»

«እርስዎ ነዎት?» ውባየሁ ወደ ማረው ዞረ። «ቁልፉን በእጅዎ ሰጥተውታል?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አንድ ቃል ናት።

«በእጄ አልሰጠሁትም» አለ ማረው። «ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ አስቀምጣለሁ። እኔ ፈቀቅ ስል መጥቶ ያነሣል። ማታም እዚያው ያስቀምጣል።»

«ለምን?»

«እጃችን እንዳይነካካ። ሰው ያያል ብዬ…»

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያደረግህ?» አሉ የኔታ። ይህን አያውቁም ነበር።

«ሰባት ዓመት።»

የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ውባየሁ ጠቆሙ። «ጻፍ ጓድ። ዐጻዌ ኆኅት አበረ፤ ሿሚው፣ ድንጋይ። ገበዙ ሲያፍርበት ድንጋዩ አላፈረበትም።»

ውባየሁ እንደገና ሳቀ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ንቀት አልነበረበትም። መሳቢያውን ስቦ አንዲት ወረቀት አወጣ። ማረው ማኅተሙን ከሩቅ ዐወቀው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ ውባየሁ። «የላካችሁት ዝርዝር አሥራ አንድ ይላል። ይህ ቁጥር ወደ አውራጃ ሄዷል። ቁጥር አልነካም፤ ቁጥር የነካ ሰው ምን እንደሚገጥመው እኔም እናንተም እናውቃለን። አሥራ ሁለት ካህን ካላችሁኝ አንድ ሚሊሻ ጎደለብኝ ማለት ነው። ስም ግን ማረም ይቻላል። ከአሥራ አንዱ ተሳስተን ጽፈነዋል የምትሉት ካለ ሰርዛችሁ፣ ይህን በቦታው ጽፋችሁ አትሙ። ሰውየው ከእናንተ ጋር ይሄዳል። የተሰረዘው በእርሱ ፈንታ ይዘምታል።»

ስሞቹን አነበበ። «ቄሰ ገበዝ ማረው… ቄስ…» እያለ ወረደ። «ዲያቆን ማናዬ። ዲያቆን ደረሰ ማረው።»

የኔታ መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ እየመለሱ ነበር። እጃቸው ቆመ። ደረሰን ያውቁታል፤ ጾመ ድጓ ጀምሮላቸው የጠፋ ልጅ ነው። ማረው ስድቡን ጠበቀ። ያ ምላስ በካድሬ ፊት ያልፈራ ምላስ ነው፤ ገበዝን አይምርም። የኔታ ግን ማኅደሩን አሰሩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማረው በሕይወቱ እንደዚያ ዝምታ የከበደው ቁጣ የለም።

ከውጭ የመኪናው ሞተር ተነሣ።

ማናዬ፣ ብሎ አሰበ ማረው። ማናዬ እናት አባት የለውም። ቢሰረዝ በጎርፍ መካከል ወረታ ድረስ መጥቶ የሚጮህለት ሰው የለም። ይህን አስቦ ሳይጨርስ የገዛ ሐሳቡን ዐወቀው። አበረንም ከዝርዝሩ ያስቀረው ይኸው ሐሳብ ነበር፤ ማን ይጮህለታል የሚለው።

ራሴን ልሰርዝ አለ ደግሞ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ገና ለዘመቻ ይፈለጋል። ጠመንጃ ይሸከማል፣ ደም ካፈሰሰ ክህነቱ ይፈርሳል፣ አገር ለልጁና ለድኻው ራሱን ሰጠ ይለዋል። ያምር ነበር። ግን ውሸቱ በወረቀቷ ላይ ተቀምጣ ትቀራለች። ደረሰ ያልሆነውን ዲያቆን እንደሆነ፣ ማኅተሙም ሐሰት እንዳተመ ይቀራል። ሚስቱ ወለተ ሚካኤል ትዝ አለችው። ዛሬ ጠዋት ወዴት ነው ብትለው ለደብር ጉዳይ ነው ብሏት ነበር የወጣው።

«ብዕር ይስጡኝ» አለ።

ውባየሁ ሰጠው። ማረው አሥራ አንደኛው መስመር ላይ አንድ ጊዜ አሰመረ። ከጎኑ «ዐጻዌ ኆኅት አበረ» ብሎ ጻፈና ቆመ። የአባቱን ስም አያውቅም። ሰባት ዓመት አንድ በር ላይ ሲገናኙ የማን ልጅ ነህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

ወደ መስኮቱ ሄደ። «ካሰች! የአበረ አባት ማን ይባላል?»

«ለምንዎ ነው?» አለች ከውጭ፣ ፈርታ።

«ልጽፈው ነው።»

«ሰጠኝ ነው አባቴ! ሰጠኝ!»

ሰጠኝ ብሎ ጻፈ። ማኅተሙን ከብብቱ አወጣ፣ ትንፋሹን እፍ አለበት፣ ተጭኖ አተመ።

ውባየሁ ወረቀቷን ወደ ራሱ ሳበ። «የተሰረዘው የት ይገኛል?»

«ይፋግ። ጨው ተራ።»

«ደረሰ ማረው…» ውባየሁ አነበበና ወደ ላይኛው ስም ተመለሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ገበዙን አየ። «ማረው እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጅዎ ነው?»

«ልጄ ነው። ዲያቆን አይደለም።»

ታጣቂው ደጅ ደጁን ያይ ጀመር። ውባየሁ ብዕሩን ተቀብሎ ከፍቶ ዘጋ።

«የይፋጎቹ የሚጫኑት ነገ ጠዋት ነው» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከወረቀቷ ሳያነሣ። «ዛሬ አይደለም። ነገ።»

ይህ ምሕረት ይሁን ፈተና ማረው አልገባውም። ምናልባት ለውባየሁም አልገባው ይሆናል።

ደጅ ሲወጡ ታጣቂው ቀድሟቸው አበረን አስነሥቶታል። ካሰች መሬቱን እየሳመች እልል ትላለች፤ ከሚዘምቱት አንዱ «እሰይ፣ የበላይ ካህን ሆንክልን አንተ!» ብሎ ሲያላግጥ ሌሎቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። አንድ በአንድ ወደ መኪናው መውጣት ጀመሩ። የኔታ ማንንም ሳይጠብቁ ወደ በቅሎዪቱ አመሩ፤ በማረው አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ለአንድ አፍታ በትከሻው ላይ አሳረፉና አለፉ።

አበረ ወደ ገበዙ መጣ። እንደ ልማዱ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» አለ። «ግን ቁጥሩ አይጎድልም ብለውናል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሲነግሩን ነው ያደሩ። በማን ቦታ ነው የወጣሁ? የማንን ልጅ ነው በእኔ ፈንታ ያስገባችሁ? ንገሩኝና እኔው ልሂድ።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ማረው ሦስቱን እርምጃ ተራመደና ከአበረ ፊት ለፊት ቆመ።

«የማንንም ቦታ አልወሰድክም» አለው። «በራስህ ቦታ ነው።»